ጠርዙን ገልብጦ ማየት

በደቡብ ኦሞ የበና ሴቶችን የቆዳ ልብስ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው። ቅቤና ቀይ አፈር የጠጣ ቡናማ ሌጦ፣ ከፊት አጠር ከኋላ ረዘም ያለ፣ ዳር ዳሩን ዶቃ የተሰፋበት። ቀረብ ብሎ ጠርዙን ገልብጦ ላየው ግን እያንዳንዱ የየሠሪው እጅ ይለይበታል። ክሩ ገብቶ የወጣበት ቀዳዳ ይጠጋጋል ወይም ይራራቃል፤ የዶቃው ረድፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይም ይንጋደዳል፤ ቆዳው ዳሩ ላይ ሲደርስ ይሳሳል ወይም እንደወፈረ ይቀራል። ይህን እንዳይ ያደረገችኝ ባለቤቴ ናት። የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ሠርግ ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው የሙሽራዋ ቀሚስ ቅምቅማት ላይ ነው። ካኮ ገበያ አብረን ስንዞር እኔ የሰው ፊት ሳይ እሷ ስፌት ታይ ነበር፤ ከሁለታችን ብዙ ያየችው እሷ ናት።

ካኮ ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በደቡብ ኦሞ ገበያዎቹ ቀን ተከፋፍለው ነው የሚቆሙት፤ የአልዱባ ማክሰኞ፣ የቀይ አፈር ሐሙስ፣ የዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የጂንካ ቅዳሜ ነው። የካኮ ሰኞ ነው። ያው ሰኞ ቱርሚም ገበያ ስለሆነ ካሜራ ያነገተው ጎብኚ ወደ ሐመር አገር ያዘነብላል፤ ካኮ ላይ ሰው የሚመጣው ሊሸጥና ሊገዛ ነው። ከብትና ፍየል የሚያረባው፣ ማሽላ የሚዘራው በና ማሩን፣ ቅቤውንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፤ አሪዎች ከደጋው ቡናና የቡና ገለባ፣ እህልና የሸክላ ዕቃ ይዘው ይወርዳሉ። መንገድ ዳር የበና ልጆች ገላቸውን በነጭ አፈር ሸንትረው፣ በረጃጅም የእንጨት እግር ላይ ቆመው መኪና ይጠብቃሉ።

እኔና እሷ የልብስ በዓል አያመልጠንም። የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ ወጥተን የ1888 ዓ.ም. ዘማች መስለው የሚመጡትን ወጣቶች ስናይ እንውላለን፤ ጎፈር የደፉ፣ ካባ የደረቡ፣ ጋሻ ያነገቱ። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር በቴሌቪዥን የሚያልፈውን ሰልፍ እስከ መጨረሻው እናያለን። እነዚህን በዓላት ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ሰው የአያቱን ልብስ ለአንድ ቀን እንኳ ሲለብስ አረማመዱ ይለወጣል፣ አንገቱ ቀና ይላል። ባለቤቴ ግን ሁልጊዜ የምታነሳው ነገር አለ። ጎፈሩ የናይለን ነው፤ ካባው ላይ ያለው ወርቀ ዘቦ መሳይ ጌጥ በማሽን ተሠርቶ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ላብ ሲነካው ይላቀቃል። «ይሄን የሠራው ሰው፣ ሰው ይለብሰዋል ብሎ አልሠራውም» ትላለች። ካኮ ላይ የምናየው ልብስ የተሠራው ሊለበስ ነው። የማር ቅል ተሸክሞ ሩቅ መንገድ ሊሄድበት፣ መሬት ላይ ሊቀመጥበት፣ ልጅ ሊታዘልበት፣ ማታ በጭፈራ ሊዘለልበት ነው። እያንዳንዱ ስፌት ይህን ሁሉ ያውቃል።

ማር የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ቆምን። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ፀጉራቸው በቅቤና በቀይ አፈር ተፈትሎ በቀጭን በቀጭኑ ግንባራቸው ላይ ወርዷል። እኛ የበናን ቋንቋ አናውቅም፣ እሳቸው አማርኛ አይናገሩም፤ ጂንካ የሚማር አንድ የአገሩ ልጅ አስተረጎመልን። ማሩን ከገዛን በኋላ ባለቤቴ ቁጢጥ ብላ «እናቴ፣ ቅር ካላለዎት የልብስዎን ጫፍ ልየው?» አለች። ልጁ ተርጉሞ ሲጨርስ እሳቸው ምንም ሳይናገሩ የኋላውን ጫፍ ከሥራቸው ስበው ወደ እሷ ዘረጉት።

ቆዳው የፍየል ነው። ፍየል ታርዶ ሌጦው ሲወጣ እንዳለ ቢደርቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ማንም አይለብሰውም። መሬት ላይ በችካል ተወጥሮ ይደርቃል፣ ይፋቃል፣ ቅባት ይጠጣል፣ ከዚያ እየታሸ እየታሸ እስኪለሰልስ ይለፋል። እጁ ያልሰላ ሰው አንዱ ጋ አብዝቶ ፍቆ ያቀጥነዋል፣ ሌላው ጋ ይተወዋል፤ ውሎ ሲያድር የወፈረው ይሰነጠቃል፣ የሳሳው ይቀደዳል። የእኚህ እናት ሌጦ ወገቡ ላይ ወፈር ብሎ ይጀምርና ወደ ታች በወረደ ቁጥር እኩል እየሳሳ ይሄዳል። ባለቤቴ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። አንድም ቦታ ላይ ጣቷ አልተደናቀፈም። «ተመልከት እስቲ» አለችኝ፤ «ወገቡ መታጠቂያውን ስለሚሸከም ወፍሯል፤ ጠርዙ ወስፌ እንዲያስገባ ሳስቷል። ይሄ ሲፋቅ ጀምሮ ምን እንደሚሆን ታስቦ ነው የተፋቀው።»

የኋላው ክፍል ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ሹል ሆኖ ያበቃል። በሁለቱም ጎን ጠርዙን ተከትሎ የዶቃ ረድፍ ይወርዳል፤ ከዶቃው ውጪ ደግሞ ትናንሽ የብረት ቀለበቶች ተደርድረዋል። ስትራመድ ይንኳኳሉ፤ ሴት ከኋላ ስትመጣ ዘወር ሳይሉ ማወቅ ይቻላል። ድምፁ ጌጥ ነው፣ ብረቱ ግን ሌላም ሥራ አለው። ቀላል ቆዳ ነፋስ ያነሳዋል፣ ሲቀመጡ ይጠቀለላል፤ ጠርዙ ላይ ክብደት ሲኖረው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሲነሱም ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥሩ ጥለት ለሐበሻ ቀሚስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጥለት የሌለው ቀሚስ እግር ላይ ይጠመጠማል። መቀመጫው የሚያርፍበት መሃሉ ላይ ግን አንድም ዶቃ የለም፤ ቆዳው ባዶ ነው፣ በመቀመጥ ብዛት ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ለጎብኚ የሚሠራ ቅጂ ላይ መጀመሪያ የሚሳሳተው ይህ ነው። ዶቃው መሃል መሃሉን ይሞላል፣ ያምራል፣ ሊቀመጡበት ግን አይቻልም።

ከዚያ ገለበጠችው። በውስጥ በኩል የክሩ እርምጃ አጭር አጭር ነው፤ ርቀቱ ከዳር እስከ ዳር አይለወጥም። ግማሹ ክር ጅማት ነው፣ አርጅቶ ጠቁሯል፤ ግማሹ ከማዳበሪያ ጆንያ የተፈታ ነጭ የላስቲክ ክር ነው፣ ኋላ የተጠገነበት ይመስላል። ጥገናው አዲስ ቀዳዳ አልበሳም፤ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ተከትሎ ነው የሄደው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቆዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ እንደ ጨርቅ አይገጥምም፤ አንዴ ከተበሳ ለዘለዓለም ነው። ጠርዝ ላይ ቀዳዳ የበዛበት ቆዳ በቀዳዳው መስመር ይቀደዳል። ጠጋኟ ይህን አውቃ፣ ጊዜ ወስዳ፣ እያንዳንዱን አሮጌ ቀዳዳ ፈልጋ ነው ክሩን ያስገባችው።

«ማን ሰፋው?» ብላ አስጠየቀች። ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ልብሳቸውን ልጅ ሆነው እናታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ነው የሰፉት።

ይህን ከነገሩን በኋላ ተራው የእሳቸው ሆነ። እጃቸውን ሰደዱና የባለቤቴን ነጠላ ጫፍ ያዙ። ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ ገለበጡት። ባለቤቴ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታይ ጀመር፤ ዓይኗ በደስታ በርቶ ነበር። በጥያቄ አጣደፏት፤ ቀለሙ ክር ከነጩ ጋር እንዴት ተያያዘ? መርፌ የት ገባ? መርፌ እንዳልገባበት፣ ሸማኔው ጥለቱን ከሸማው ጋር አንድ ላይ እንደሚሸምነው፣ ይህን ሥራ የሚያውቁት ዶርዜዎች ከእነሱ ብዙም ሳይርቅ ጋሞ ደጋ ላይ እንደሚኖሩ በልጁ በኩል አስረዳቻቸው። አሰቡበት። ከዚያ ልጁ የተረጎመልን ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሸማው ሲያልቅ ጥለቱም አብሮ ያልቃል ማለት ነው፤ የእሳቸው ግን አያልቅም። ሌጦው ሲያረጅ ዶቃውን ፈትተው አዲስ ሌጦ ላይ ይሰፉታል። አሁን ጠርዙ ላይ ካለው ዶቃ የተወሰነው የእናታቸው ነው።

እንግዲህ የዚህ ልብስ ዕድሜ ስንት ነው? ቆዳው የጥቂት ዓመት ይሆናል። የብረት ቀለበቶቹ ከዚያ ይቆያሉ። ዶቃው ግን የመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ካልተሰበረ አያረጅም። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከቬኒስና ከቦሄሚያ ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ የሚሠራ የመስታወት ዶቃ በብዛት ይመጣ ነበር፤ በነጋዴ እጅ እየተቀባበለ የዝሆን ጥርስና ከብት የሚገኝበት ድረስ ይዘልቅ ነበር። ዛሬ ገበያው ላይ የሚሸጠው አብዛኛው የፕላስቲክ ነው፤ ቀላል ነው፣ ፀሐይ ቀለሙን ያነሳዋል። ሴቶቹ ልዩነቱን በደንብ ያውቁታል። የእኚህ እናት ጠርዝ ላይ የመስታወቱ ዶቃ ከታች በኩል፣ ክብደት በሚፈለግበት ቦታ ነው ያለው፤ ፕላስቲኩ ከላይ። አላቂው ነገር በቀላሉ የሚተካበት፣ የማያልቀው የሚሠራበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ንድፍ አውጪ ማለት ይህን የሚያስብ ሰው ነው።

አንገታቸው ላይ ሁለት ወፋፍራም የብረት ቀለበቶች ነበሩ። በሐመርና በበና ያገባች ሴት በቀለበቷ ትታወቃለች፤ የመጀመሪያ ሚስት የሆነች ደግሞ ከፊት ለፊቱ ወጣ ያለ ጉብ ያለበት ተጨማሪ ማሰሪያ ታደርጋለች፤ ሐመሮች ቢኜሬ ይሉታል። ስለ ትርጉሙ ብዙ ተጽፏል። ስለ አሠራሩ ግን ጥቂት ነው የሚነገረው። ወፍራም ብረት እኩል ክብ አድርጎ ማጠፍ ከባድ ነው። ብረት ሲታጠፍ የውጪው ጎኑ ይሳባል፣ የውስጡ ይጨመቃል፤ እሳቱ ካልበቃ ይሰነጠቃል፣ ከበዛ ቅርጹን ያጣል። ቀለበቱ አንዴ አንገት ላይ ከተዘጋ ደግሞ በየማታው የሚወልቅ ጌጥ አይደለም፤ ሌት ተቀን ቆዳ ላይ ይውላል ያድራል። ውስጡ ላይ አንዲት የሾለች ጠርዝ ብትቀር አንገት ያቆስላል። የእኚህ እናት ቀለበት በውስጥ በኩል ከውጪው ይልቅ ልስልስ ብሏል። መዶሻው ያረፈበት ምልክት በውጪው ላይ በስሱ ይታያል፤ በውስጡ ግን አንድም የለም።

ብረት ቀጥቃጩን ማንም በስሙ አይጠራውም። ይህ የካኮ ብቻ ነገር ቢሆን ባልተከፋሁ። በአሪ ዘንድ ብረት ሠሪውና ሸክላ ሠሪዋ «ማና» ተብለው ከገበሬው ተለይተው ኖረዋል፤ ጋብቻ አይገናኙም ነበር። በሰሜኑም እንዲሁ ነው፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ አልፊውን መናቅ የአገር በሽታ ነበር። አፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ችግሩ የት ድረስ እንደደረሰ ቢያዩ ነው። ንቀቱ «ዘራቸው ሌላ ነው» በሚል ተረት ተደግፎ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የዘረመል ጥናት መጽሔት ላይ የወጣ ምርምር ስለ አሪዎች ይህንኑ ፈትሾ ነበር። ውጤቱ ብረት ሠሪዎቹና ገበሬዎቹ ከ4,500 ዓመት ወዲህ ከአንድ ምንጭ የመጡ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነትም ብረት ሠሪዎቹ ተገልለው በመኖራቸው የመጣ መሆኑን አሳየ። አንድ ሕዝብ ነው፤ መዶሻ ያነሳውን ገፋው። የዚያ የተገፋ ሰው ሥራ ደግሞ በየሰኞው በእናቶች አንገት ላይ ሆኖ ካኮ ይገባል።

ሸክላው ላይ ነገሩ ትንሽ የተሻለ ነው። የአሪን ሸክላ ሠሪዎች ለዓመታት ያጠናችው ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሞሪኤ ካኔኮ እንደጻፈችው ገዢዎቹ የየሠሪዋን እጅ ለይተው ያውቃሉ። ገበያው ላይ ይህን ማየት ይቻላል። አንዲት ሴት ድስት ስትመርጥ ትኮረኩመዋለች፣ ድምፁን ትሰማለች፣ አፉን በጣቷ ትዞረዋለች፣ ከዚያ ሻጯን ቀና ብላ ታያለች። ያለ ሸክላ መንኮራኩር፣ በእጅ ብቻ እየዞረ የተሠራ ድስት አፉ እንዲያ ክብ መሆኑ ያስገርማል።

የወንዶቹን በአጭሩ ልለፈው፤ ቦርኮቶን ግን ማለፍ አይቻልም። የበናና የሐመር ወንድ ከእጁ የማይለየው ትንሽ የእንጨት በርጩማ ነው፤ ቀን ይቀመጥበታል፣ ማታ ራሱን ያሳርፍበታል። ፀጉሩን በጭቃ ጠፍጥፎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ላባ ለሰካ ሰው መሬት ላይ መተኛት ማለት የብዙ ሰዓት ሥራ ማበላሸት ነው፤ ቦርኮቶው አንገቱን ይዞ ፀጉሩን ከመሬት ያርቅለታል። ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው፤ ምስማር የለውም፣ መጋጠሚያ የለውም። ያየነው አንዱ መቀመጫው ከትንሽ ጣት ብዙም አይወፍርም ነበር፤ እግሩ ደግሞ ከሥር ሰፋ ብሎ ወደ ላይ ይቀጥናል። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሙሉ ክብደቱን አሳርፎበት፣ ጉልበቶቹን አቅፎ፣ ፍየል ሲደራደር ይውላል። በእጅ መዳፍና በቅባት ብዛት እንጨቱ ጠቁሮ ያበራል።

ሌላው ዓይናችንን የያዘው ቅል ነው። የበና ሴቶች ለሁለት የተከፈለ ቅል ራሳቸው ላይ ይደፋሉ፤ ለፀሐይም ለዝናብም ይሆናል። አንዲት ወጣት የደፋችው ቅል ከጫፉ እስከ አናቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁ ግን ተሰፍቷል። በሁለቱም ጎን ትይዩ ቀዳዳዎች ተበስተው፣ ጠንካራ የጅማት ክር በመስቀልያ እየተላለፈ ጠርዝና ጠርዙን አጋጥሞታል። ልጅቱ ቅሉን አውልቃ ስትሰጠን ባለቤቴ ወደ ፀሐይ አነሳችው፤ በስንጥቁ በኩል ብርሃን አላለፈም። ከቅሉ ግድግዳ ቅጥነት አንጻር ይህን ያህል አጥብቆ መስፋት እንዴት እንደተቻለ እኔ አልገባኝም፤ ለእሷ ግን ገብቷታል። ክሩ ረጥቦ ነው የገባው፤ ሲደርቅ ራሱ ይኮማተርና ይጠብቃል ብላ አስረዳችኝ። ልጅቱ በራሷ ነቅንቃ አረጋገጠችላት። አዲስ ቅል ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። እንዲህ የሚጠገነው የተወደደ ዕቃ ነው።

ካኮ ላይ የእግር ኳስ ማሊያ አለ፣ የላስቲክ ጫማ አለ፣ ከተሰበረ ሰዓት የተረፈ የብረት ማሰሪያ የእጅ አምባር ሆኖ አለ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ «ባህሉ ተበላሸ» ይላል። አልስማማም። የአሉሚኒየም ድስት ቀልጦ አምባር ሲሆን ያቀለጠው ሰው ብረቱን ያውቃል፤ ማሊያውን በቆዳ መታጠቂያ አስሮ፣ በላዩ የዶቃ ድሪ የደረበ ወጣት ቀለሙን መርጦ ነው። የእናቶቹ እናቶች ከቬኒስ የመጣ መስታወት ሲሰፉ ያንኑ ነበር ያደረጉት። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ መድረክ።

ጂንካ ላይ በታኅሣሥ የአሪ ዘመን መለወጫ ድሽታ ግና ሲከበር፣ ኅዳር 29 ደግሞ ሁሉም ብሔረሰብ ሲሰለፍ፣ ከሕዝቡ መሃል በእውነተኛ ልብሳቸው የሚመጡ አሉ፤ እነሱን ማየት በረከት ነው። ከጎናቸው ግን በየዓመቱ እየበዛ የመጣው ሌላ ነገር ነው። የነብር ቆዳ የታተመበት ፖሊስተር፣ ቆዳ መሳይ ላስቲክ፣ ዛጎል መሳይ ፕላስቲክ። አዘጋጆቹ ክፉ አስበው አይደለም፤ ለመቶ ተወዛዋዥ ሌጦ አለፍቶ ማድረስ አይቻልም፣ ባጀቱም ትንሽ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን በቴሌቪዥን የሚያዩት ያንን ነው፤ ከተማ ውስጥ የሚያድገው የበና ልጅ ራሱ የእናቱን ልብስ የሚያውቀው በፖሊስተሩ ይሆናል። ያኔ የሚጠፋው እጁ ነው፤ የት ላይ እንደሚሳሳ፣ የት ላይ ዶቃ እንደማይሰፋ የሚያውቀው እጅ።

የሠሪን ስም መርሳት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ያለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ካሳያቸው ቅርሶች አንዱ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ነው። ጥጥ ነው፣ በሐር ክር የተጠለፈ። የለባሿን ስም እናውቃለን፣ የዘረፈው ጦር ማን እንደነበረ እናውቃለን። የጠለፈው ሰው ስም የለም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ግን ደቡብ ኦሞ ራሱ አሳይቷል። የሥነ ሰብእ ተመራማሪዎቹ ባልና ሚስት ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ላይዳል እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሐመሮች ዘንድ ኖረው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር ካሳተሟቸው መጻሕፍት አንዱ የአንድ የሐመር ሽማግሌ ትረካ ነው፤ ርዕሱ ላይ የተቀመጠው የሽማግሌው የባልዳምቤ ስም ነው። ነገሩን የተናገረው እሱ ነው፣ ስሙም እሱ ነው። ሽትሬከር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነበት የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1993 ተመሥርቶ ጂንካን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ይገኛል። ካኮ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ግቡ። በመስታወት ውስጥ ያሉት ቆዳዎች ደርቀዋል፤ ቅቤ የሚቀባቸው፣ ለብሶ የሚያሽ ገላ የለም፤ ነገር ግን ስፌቱን ያለ ይሉኝታ፣ እስኪበቃችሁ ድረስ ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። ገበያ ስትገቡ ዓይናችሁ ተገርቶ ይገባል።

ለበዓል አዘጋጆች የምለው ይህ ነው። ከመቶው ተወዛዋዥ አንዱን ብቻ እውነተኛ አልብሱ፤ የሠራችውን እናት አብራችሁ ጋብዙ፣ የመድረክ መሪው ስሟን ይጥራ። ለሥራዋ እንደ ባለሙያ ይከፈላት፤ አሁን የሚከፈላት ፎቶ ስለተነሳች ብቻ ነው። ብረት ቀጥቃጩም እንዲሁ በስሙ ይጠራ። የምኒልክ አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መስደቡን ከልክሏል፤ ማመስገኑ የእኛ ዕዳ ነው።

ለአንባቢ ደግሞ፦ ከትዳር አጋራችሁ ጋር ሂዱ፣ በተለይ ከሁለታችሁ አንዱ መርፌ ወይም መጥረቢያ የሚያውቅ ከሆነ። ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ማሩን ግዙ። የማንንም ልብስ ሳትጠይቁ አትንኩ፤ ከተፈቀደላችሁ ጠርዙን ገልብጣችሁ እዩ፣ የእናንተንም ሲያዩ ፍቀዱ። የሚሸጥ የእጅ ሥራ ከወደዳችሁ ዋጋው ላይ ብዙ አትከራከሩ፤ ማን እንደሠራው ጠይቁና ስሙን ጻፉ። ካኮ ገበያ ሰኞ ነው፤ ረፋዱ ላይ ይሞላል።